ከተቃጠለ በኋላ የፈረመው ሰው

ሥራዬ ሙሽራ መሰለል ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቼበታለሁ። በቤንጋሉሩ ከተማ፣ ማሌሽዋራም ሰፈር ስምንተኛው መንገድ ላይ፣ የፕሬሸር ኩከር መለዋወጫ ከሚሸጥበት ሱቅ በላይ አንዲት ጠባብ ቢሮ አለችኝ። ሴት ልጃቸውን ሊድሩ ያሰቡ አባቶች ደረጃውን እያለከለኩ ይወጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ልጁ ይጠጣል? ሌላ ሴት አለችው? ሥራዬ ይህ ነው ያለው እውነቱን ነው?" ይሉኛል። እኔም አሥራ አምስት ቀን እከተለዋለሁ። ሃምሳ አንድ ዓመት የሞላት፣ የጥጥ ሳሪ ለብሳ የአትክልት ዘንቢል ያንጠለጠለች ሴት ከኋላው ብትሄድ ማን ዞሮ ያያታል? በአሥራ ስድስተኛው ቀን የገዛ እናቱ የማታውቀውን አውቄ ሪፖርቴን እጽፋለሁ።

ሳሮጃማ ወደ ቢሮዬ የመጡት ሐሙስ ጠዋት ነበር። የስድሳ ሰባት ዓመት ሴት ናቸው፤ ማንድያ አጠገብ፣ በሸንኮራ አገዳው አገር፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሂሳብ ያስተማሩ ጡረተኛ። ወንበር ሳብኩላቸው፤ አልተቀመጡም።

"ልጄን አሥራ አምስት ቀን የተከተልሽው አንቺ ነሽ?"

ሊጣሉኝ የመጡ መሰለኝ። ቢጣሉኝም እውነት አላቸው። ከዓመት በፊት ልጃቸው ጊሪዳር የአንድ ሥራ ተቋራጭ ልጅ ሊያገባ ታስቦ፣ የልጅቷ አባት እኔን ቀጠረኝ። ጊሪዳር የሶፍትዌር ፈታሽ ነበር፤ ሌሎች የሠሩት ፕሮግራም ገበያ ከመውጣቱ በፊት ስህተቱን አድኖ የሚያወጣ። ጨዋ ልጅ ነው። እኔ ግን ያየሁትን ሁሉ ስለምጽፍ፣ ከፍታ እንደሚፈራም ጻፍኩ። ተቋራጩ፣ "እኔ ፎቅ እየሠራሁ ፎቅ የሚፈራ አማች ላምጣ?" ብሎ ነገሩን አፈረሰው።

"እኔ ነኝ" አልኳቸው።

ተቋራጩ ያኔ የላከላቸውን ሪፖርቴን ከቦርሳቸው አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ጣሉት። "ልጄ ሞቷል። ፖሊስ፣ ሲጋራ ሊያጨስ የመሥሪያ ቤቱ ሕንፃ አናት ላይ ወጥቶ አንሸራቶት ወደቀ ይላል። ዘጠኝ ፎቅ። እስቲ ሦስተኛውን ገጽ አንብቢልኝ። ጮክ ብለሽ።"

አነበብኩ። "አያጨስም። ባልደረቦቹ ሲያጨሱ አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ ይርቃል። በራሱ ጥያቄ አንደኛ ፎቅ ላይ ይሠራል። የጓደኛው ሠርግ አራተኛ ፎቅ ላይ በነበረ ጊዜ ለመስኮቱ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠ፤ ምግቡን ሳይነካ ወጣ።"

"ያኔ በዚህ ወረቀት ሠርጉን አፈረስሽበት" አሉ። ዓይናቸው ደረቅ ነበር። "አሁን ደግሞ ሥሪበት። 'አልቅሺ፣ ይውጣልሽ' የሚሉኝ ሞልተዋል። አላለቅስም። መጀመሪያ የገደለውን አሳዪኝ።"

በዚያው ቀን ጉዳዩን ወደ ዘጋው ኢንስፔክተር ሂሬማት ሄድኩ። ጓቫ በጨውና በበርበሬ እየነከረ ይበላል።

"ጃላጃካ!" አለኝ እየሳቀ። ለታላቅ እህት እንደሚባለው፣ የሚያውቀኝ ሁሉ እንዲህ ነው የሚጠራኝ። "ምነው፣ ሙሽራ አለቀ እንዴ?"

"አንዱ ሞተብኝ። አንተ ደግሞ ሲያጨስ ነው ትላለህ።"

"ኪሱ ውስጥ ፓኮ ተገኝቷላ!"

"ስንት ፍሬ ጎድሎታል?"

ማኘኩን አቆመ። "አንድ።"

"ክብሪትስ? ላይተርስ?"

ጓቫውን እንደገና ጨው ውስጥ ነከረ።

"እንግዲህ አጭሶ የማያውቅ ሰው፣ በሕይወቱ አንዴ ሲያምረው፣ ከሁሉ የሚፈራው ቦታ ላይ ወጥቶ፣ በምላሱ ለኮሰው ማለት ነው?"

"ስሚኝ እህቴ፣ የሰው ግድያ እንደ ሚስት ፍለጋ አይደለም። የማታውቂው ውስጥ አትግቢ።"

"ግድያ ነው አልክ?"

ፊቱ ሲጠቁር አየሁት። "ውጪልኝ!" ብሎ ጮኸ። ወጣሁ። የምፈልገውን ሰምቼ ነበር።

የጊሪዳር መሥሪያ ቤት ታሩላታ ይባላል። ሐኪም ቤት ውስጥ መድኃኒት በልኩ እያንጠባጠበ ወደ በሽተኛ ደም ሥር የሚያስገባውን ማሽን የሚመራ ሶፍትዌር ይሠራል። ከሕንፃው ፊት ለፊት ሻይ የምትሸጠውን ሴት ከዓመት በፊት ጀምሮ አውቃታለሁ፤ አሥራ አምስት ቀን ሻይዋን ጠጥቻለሁ። ያለ ምንም ማባበል አንድ ነገር ነገረችኝ። "እሱ ብቻ መሰለሽ? ከሦስት ሳምንት በፊት አጠገቡ የምትሠራውን ሻኪላን መኪና ገጭቷት አመለጠ። ሰማያዊ ስኩተር ነበራት፤ አቤት ስታምር! ሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር። ከአንድ ክፍል ሁለት ሰው በወር ውስጥ፤ እኔ እንኳ መቁጠር እችላለሁ።"

የክፍሉ አንጋፋ ፊሎሚና ነበረች፤ የማንጋሎር ሰው፣ የሁለት ልጆች እናት። ምሳ በምትበላበት የቁም ምግብ ቤት፣ ከጎኗ ቆሜ የሩዝ ቂጣዬን፣ ኢድሊዬን፣ ማባያው ቻትኒ ውስጥ እየነከርኩ የጊሪዳርን ስም ስጠራላት፣ ሳህኗ ከእጇ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም።

"ተዪኝ፣ ልጆች አሉኝ።"

"ሳሮጃማም ልጅ ነበራቸው።"

ግራ ቀኝ አየችና በጥድፊያ ነገረችኝ። ስህተቱን ያገኘችው ሻኪላ ናት። ነርሷ ቁጥር ተሳስታ ጽፋ፣ ሰርዛ በፍጥነት ደግማ ስትጽፍ ማሽኑ ነጥቡን ይውጠዋል። መስኮቱ ላይ ሁለት ነጥብ አምስት ይላል፤ የሚያስገባው ግን ሃያ አምስት ነው። አሥር እጥፍ። ሻኪላ መዝግባ፣ እስኪስተካከል ድረስ ማሽኑ አይሸጥም አለች። የድርጅቱ ባለቤት ሱዲንድራ፣ ማስተካከሉ ስድስት ወር ይፈጃል፣ አርባ ሐኪም ቤቶች በዚህ ወር ሊረከቡ ነው፣ 'ችግር የለበትም' ብለሽ መዝገቡን ዝጊው አላት። እምቢ አለች፤ በሳምንቱ መኪና ገጫት። ጉዳዩ ወደ ጊሪዳር ተላለፈ። እሱም እምቢ አለ።

"ታዲያ አሁን ስህተቱ ክፍት ነው?" አልኳት።

"ተዘግቷል። 'ተፈትሿል፣ ችግር የለበትም' ይላል። የዘጋው…" ምራቋን ዋጠች። "የዘጋው ጊሪዳር ነው ይላል። በስሙና በይለፍ ቃሉ። ማክሰኞ፣ ስምንት ሰዓት ከአርባ ላይ።"

ጊሪዳር የሞተው ሰኞ አመሻሽ ነው። ማክሰኞ ረፋድ አምስት ሰዓት ላይ፣ እንደ ወጋችን፣ ሬሳውን አገሩ ላይ አቃጥለውታል።

"ከየትኛው ኮምፒውተር እንደተዘጋ ይታወቃል?"

"ከዘጠነኛ ፎቅ። እዚያ ያለው የሱዲንድራ ክፍል ብቻ ነው።" ከዚያ እጄን ያዘችኝ። "መዝገቡን በወረቀት አውጥተሽ ስጪኝ እንዳትዪኝ። አልችልም።"

አላልኳትም። በማግስቱ ጠዋት ግን ሳሮጃማ አብረውኝ መጥተው፣ ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ ደጃፉ ላይ አገኟት። አልለመኗትም። "ስንት ሐኪም ቤት ነው ያልሽው?" ብለው ጠየቋት።

"አርባ፣ እማማ።"

"በየአንዳንዱ ስንት ማሽን?"

"ሃያ… ሃያ አምስትም የሚወስዱ አሉ።"

"አንድ ማሽን በቀን ስንት በሽተኛ ያያል?"

ፊሎሚና አፏን በሻርፗ ሸፈነች።

"እኔ አልነግርሽም፤ ራስሽ አስይው" አሉ ሳሮጃማ፣ "ስትጨርሺ መልሱን ለጃላጃ ስጫት።" ትከሻዋን መታ መታ አድርገዋት ሄዱ። በሦስተኛው ቀን ፊሎሚና ወረቀቱን በምሳ ዕቃዋ ክዳን ሥር አጥፋ አመጣችልኝ።

ሱዲንድራን ያገኘሁት እኔ ፈልጌው አይደለም፤ እሱ ነው የመጣው። ሠላሳ ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ድምፁ ለስላሳ። በሬ ላይ ጫማውን አውልቆ ማይሶር ፓክ የሚባለውን ጣፋጭ አንድ ካርቶን በሁለት እጁ አቀረበልኝ።

"ማዳም፣ ስለ ሥራዎ ብዙ ሰምቻለሁ። አዲስ የምንቀጥራቸውን ሰዎች ሁሉ እርስዎ እንዲያጣሩልን እንፈልጋለን። ቋሚ ሥራ ነው። ይህን ሙሽራ ማሳደድ ይተዉታል።"

"አየህ ልጄ፣" አልኩት፣ "ሳልጠይቀው ጣፋጭ ይዞልኝ ለሚመጣ ሙሽራ ሁልጊዜ አንድ ሳምንት እጨምርለታለሁ።"

"የምን ሳምንት?"

"የክትትል።"

ሳቀ። ካርቶኑን ግን አልመለሰም፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። "ስኩተር እንደሚነዱ ሰማሁ። የከተማችንን መንገድ ያውቁታል፤ ከባድ መኪናው፣ ጉድጓዱ… በዚህ ዕድሜዎ ያሳስበኛል።"

"ሻኪላም አሳስባህ ነበር?"

ፊቱ ላይ የነበረው ፈገግታ ሳይጠፋ ዓይኑ ብቻ ተለወጠ። ጫማውን አድርጎ ወጣ። ጣፋጩን በመስኮት ለቁራዎች በተንኩላቸው።

በማግስቱ ስመጣ የቢሮዬ ሰሌዳ ተገንጥሎ ቦይ ውስጥ ተጥሏል። የቤቱ ባለቤት፣ "ጃላጃካ፣ በፈጠረሽ፣ ለጥቂት ጊዜ ዝጊው" እያለ ለመነኝ። አልፈራሁም ብል ውሸት ነው። ሰሌዳውን ግን አጥቤ፣ ቀይ ቀለም ገዝቼ፣ መንገዱ ላይ ተቀምጬ አላፊ አግዳሚው እያየ "የሙሽራ ማጣራት" ከሚለው ሥር "የገዳይም" ብዬ ጨመርኩበት። ከበፊቱ በሁለት ክንድ ከፍ አድርጌ ሰቀልኩት። ሥራ ስጀምር ፈርቼ ነበር፤ ስጨርስ ተናድጄ ነበር።

ቃሌን ጠብቄ ሱዲንድራን አንድ ሳምንት ተከተልኩት። ሻይ ሻጯ እንዳለችኝ፣ ትልቋ ነጭ መኪናው ሻኪላ ከሞተች ቀን ጀምሮ ጠፍታ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ፊቷ አዲስ ሆኖ ተመልሳለች። በአካባቢው ያሉ ጋራዦች አንዳቸውም አላዩዋትም። ሹፌሩ ጋንጋራጁ ግን የቱማኩሩ ሰው ነው። ሰው የሚያሳፍረውን ነገር የሚያስጠግነው ዘመድ ዘንድ ነው። አውቶቡስ ይዤ ቱማኩሩ ወረድኩ፤ እየጠየቅሁ የአጎቱን ልጅ ጋራዥ አገኘሁት።

"አማቼ መኪናውን አጋጭቶ ልጄን ጨቅጭቆ ሊገድላት ነው" አልኩት መካኒኩን። "ነጭ፣ ለትልቅ መኪና የሚሆን የፊት ፓራውልት የለህም? ያገለገለም ቢሆን።"

"አንድ አለች፣ እናቴ፣ ግን ትንሽ ተሰንጥቃለች።" መካኒክ ምን ይጥላል! ከጓሮ ጎትቶ አመጣው። በቀኝ ጫፉ ላይ፣ ከስንጥቁ ሥር፣ ሰማያዊ ቀለም ተፍቆበታል።

"ይሄ የሹፌሩ የጋንጋራጁ አይደለም እንዴ?" አልኩት እንደ ዋዛ።

"ያውቁታል? የአጎቴ ልጅ ነው! ላም ገጨሁ ብሎ አመጣው።"

ፓራውልቱን ጭኔ ላይ አጋድሜ በአውቶቡስ ቤንጋሉሩ ገባሁ። ተሳፋሪው ሁሉ እየሳቀብኝ፣ እኔ እንደ ሕፃን አቅፌው። ሂሬማት ጠረጴዛ ላይ የፊሎሚናን ወረቀት ጨምሬ አስቀመጥኩለት። ወረቀቱን ሁለቴ አነበበ። ከዚያ በሩን ዘጋና ቀስ ብሎ፣ "ሱዲንድራ ማንን እንደሚያውቅ ታውቂያለሽ? ከተማው በተሰነጠቀ ፓራውልት የተሞላ ነው። ውሰጂልኝ" አለኝ። ያን ዕለት አልተሳለቀብኝም። እሱም ፈርቷል።

ሁለቱንም ይዤ ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ መንገዱን የከፈተልን ራሱ ሱዲንድራ ነው፤ በገዛ እጁ። ማሽኑን ለሐኪሞች የሚያስተዋውቅበት ቀን ሲደርስ፣ ድርጅቱ የሟች ባልደረባቸውን እናት በመድረክ ላይ ሻል አልብሶ ሊያከብር ለሳሮጃማ የጥሪ ካርድ ላከላቸው። ካርዱን በንዴት ጨምድደው ይዘው ቢሮዬ መጡ።

"አልሄድም ልል ነበር" አሉ። "ደግሞ አሰብኩት። ማይክ ይሰጡኛል አይደል?"

ቀኑ ቅዳሜ ነው፤ ረፋድ ላይ። በሆቴሉ አዳራሽ ሁለት መቶ የሚሆኑ ሐኪሞች ተቀምጠዋል። ከፊት ረድፍ፣ የክብር እንግዳ ተብሎ፣ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ኢንስፔክተር ሂሬማት። መድረኩ ላይ የጊሪዳር ፎቶ በአበባ ጉንጉን ተከቦ ቆሟል። አጠገቡ ማሽኑ፣ ቀይ ቀለም የተበጠበጠበት የውኃ ከረጢትና ምልክት የተሰመረበት ብርጭቆ። እኔ ከኋላ፣ በሩ ጋ፣ ግራጫ የደንብ ልብስ ከለበሰው ከጋንጋራጁ ጎን ቆምኩ። ፊሎሚና የማሽኑ አስተናጋጅ ሆና መድረኩ ላይ ነበረች።

ሱዲንድራ ስለ ጊሪዳር ትጋት አማረ አድርጎ ተናገረ። ከዚያ ሻሉን ዘርግቶ ወደ ሳሮጃማ ሲመጣ፣ መዳፋቸውን ከፍ አድርገው አስቆሙት። ማይኩን ያዙ።

"የሻኪላ ፎቶ የታለ?" አሉ።

ሱዲንድራ ሻሉን እንደዘረጋ ቆመ።

"ከዚህ መሥሪያ ቤት በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ልጆች ሞተዋል። የአንዱን ብቻ ነው የሰቀላችሁት። እሺ፣ ስለ እኔ ልጅ ልጠይቅ። ማክሰኞ ረፋድ አምስት ሰዓት ላይ ወንድሜ እሳቱን ለኮሰለት፤ እኔ ቆሜ አየሁ። በዚያው ቀን ስምንት ሰዓት ከአርባ ላይ ልጄ ዘጠነኛ ፎቅ፣ የእኚህ ሰውዬ ክፍል ገብቶ፣ 'ይህ ማሽን ችግር የለበትም' ብሎ ፈረመ ይላል ይህ ወረቀት። በሕይወት ሳለ እምቢ ያለውን፣ ከተቃጠለ በኋላ ማን አስፈረመው?"

ማይኩ ጠፋ። ሱዲንድራ ነው ለባለሙያው በእጁ የጠቆመው። "እናታችን በሐዘን ተጎድተዋል፣ እባካችሁ…" አለ።

"በአንድ ክፍል ስድሳ ልጅ ያለ ማይክ ያስተማርኩ ነኝ!" ድምፃቸው እስከ በሩ ደረሰ። "ሐኪሞች! እኔን አትመኑኝ። መጥታችሁ ራሳችሁ ሞክሩት። ተሳስታችሁ ጻፉ፣ ሰርዙ፣ ቶሎ ብላችሁ ደግማችሁ ጻፉ።"

አንዲት ሽበታም ሐኪም ከሦስተኛው ረድፍ ተነሥታ ወጣች። ሱዲንድራ መንገዷ ላይ ቆመ። ያኔ ፊሎሚና፣ ያቺ ሳህኗ ከእጇ ሊያመልጥ የነበረው ፊሎሚና፣ በመካከላቸው ገባች። "እናትየው እውነታቸውን ነው። እኔም እዚያው ክፍል ነኝ፤ አውቃለሁ" አለችና ሐኪሟን በክንዷ ይዛ ማሽኑ ጋ አደረሰቻት።

ሐኪሟ ጻፈች፣ ሰረዘች፣ በፍጥነት ጻፈች። "ሁለት ነጥብ አምስት" ብላ የሚታየውን ጮክ ብላ አነበበች። ቀዩ ውኃ መውረድ ጀመረ። በአንድ ሰዓት ሊደርስበት የሚገባው ምልክት ብርጭቆው ላይ ተሰምሯል። ሁለት መቶ ሰው ትንፋሹን ይዞ ብርጭቆ ያያል።

ወደ ጋንጋራጁ ጎንበስ አልኩ። ግንባሩ በላብ ርሷል።

"ፓራውልቷ እኔ ጋ ናት" አልኩት በሹክሹክታ። "ከአጎትህ ልጅ ነው የወሰድኳት።"

አላየኝም። ከንፈሩ ግን ተንቀሳቀሰ።

"ጌታህን ታውቀዋለህ። በሞተ ሰው ስም የፈረመ፣ ነገ 'ሁሉንም ያደረገው ሹፌሬ ነው' ብሎ በአንተ ስም ይፈርማል። ያን ጊዜ ማን ያምንሃል?"

በስድስተኛው ደቂቃ ቀዩ ውኃ ምልክቱን አለፈ። ሐኪሟ መነጽሯን አወለቀች። "ይህን በሕፃን ክንድ ላይ ልትሰኩት ነበር?" አለች። አዳራሹ በአንዴ ፈነዳ፤ ወንበር ተገፋ፣ ጩኸት ሆነ። ሱዲንድራ በጎን በር ሊወጣ ሲል ጋንጋራጁ ከአጠገቤ ተንቀሳቀሰ። ጌታውን ሊከተል መስሎኝ ነበር። እሱ ግን በመካከለኛው መተላለፊያ በቀጥታ ሄዶ ሂሬማት ፊት ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

"ልጅቷን እኔ ነኝ የገጨኋት፤ ጌታዬ ግጫት ብሎኝ ነው" አለ። "ልጁን 'የሻኪላ ማስታወሻ ተገኝቷል፣ መጥተህ እይ' ብሎ ወደ ላይ ጠራው። በአሳንሰሩ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የወጣው። ግድግዳውን ይዞ ነው የገባው። ከኋላ የመታሁት እኔ ነኝ፤ ተሸክመን ጣሪያው ላይ ያወጣነው ሁለታችን ነን። ሲጋራውን ኪሱ የከተተው እሱ ነው።"

ሂሬማት ዙሪያውን አየ። ሁለት መቶ ሐኪም፣ ግማሹ ስልኩን አውጥቶ እየቀረፀ። ከዚያ እኔን አየ። ተነሥቶ፣ "ያን በር ዝጉ!" ብሎ ጮኸ። የከተማው ጋዜጣ በማግስቱ ቆራጥ ኢንስፔክተር ብሎ ጻፈለት። ይጻፍለት።

ሳሮጃማ ከመድረኩ ወርደው ፊት ረድፍ ላይ ተቀመጡ። ያን ጊዜ ነው ያለቀሱት፤ ረጅም ሰዓት፣ ድምፅ አውጥተው፣ ማንንም ሳያፍሩ። ፊሎሚና እግራቸው ሥር ተቀምጣ ጉልበታቸውን ያዘች። ማንም ዝም ይበሉ አላላቸውም።

ማሽኑ ወደ አንድም ሐኪም ቤት አልገባም። ፊሎሚና አራት ወር ሥራ አጣች፤ እንደ እሷ አፍ ያለው ሰው የሚቀጥር ድርጅት በቀላሉ አይገኝም። እኔም ጥቂት ደንበኞች ሸሽተውኛል፤ ፍርድ ቤት የምትውል ሴት ለሠርግ ጥሩ ዕድል አታመጣም ብለው። ሱዲንድራ እስር ቤት ነው፤ ጠበቆቹ ግን አምስት ናቸው፤ በየቀጠሮው አንዱ ይታመማል፣ አንዱ ፋይል ይጠፋበታል። ሳሮጃማ አንድም ቀጠሮ አላለፋቸውም። በጠዋቱ ባቡር ከማንድያ ይመጣሉ፤ የሻኪላ አባት፣ ልብስ ሰፊ የሆነ ሰውዬ፣ ጣቢያ ይጠብቃቸዋል፤ ሦስታችን አብረን እንገባለን።

ባለፈው ቀጠሮ ከጠበቆቹ ታላቁ ኮሪደር ላይ ቀርቦን ያዘነ መስሎ፣ "እናቴ፣ ለምን ይንገላታሉ? ይህ ነገር አሥር ዓመት ይፈጃል። ቤትዎ ይቀመጡ" አላቸው።

"እኔ ስድሳ ሰባት ነኝ" አሉት ሳሮጃማ። "አሥር ሲጨመር ሰባ ሰባት። እናቴ የሞተችው በዘጠና አንድ ዓመቷ ነው። አንተ ስንት ዓመትህ ነው?"

መልሱን አልጠበቁም። የሻኪላን አባት በክንዱ ደግፈው ወደ ችሎቱ ገቡ፤ እኔም ተከተልኳቸው። ከፊት ወንበር ላይ ቦታ ነበር።